የራምቦ የፎቶግራፍ መሣሪያ በሐረር

የፎቶግራፍ ጥበብ ከሌላው የእጅ ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አናጢ እንጨቱን ቢያበላሽ ወዲያው ያየዋል፤ ጸሐፊም ቃል ቢስት ብራናውን ፍቆ ያርመዋል። በፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ግን ጥፋቱን የሚያውቀው ቀኑ ካለፈና ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ ነው። ፊልሙ በጥርሱ ሳይያዝ ቀርቶ 36 ጊዜ በከንቱ እንዳነሣ፣ ወይም በመሣሪያው ጀርባ በነበረች ቀጭን ስንጥቅ ብርሃን ገብቶ ሁሉን እንዳበላሸው የሚገለጽለት ፊልሙን በሚያጥብበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ሠርጉ አልፏል፤ ሽማግሌውም ወደ አገሩ ተመልሷል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ይህን የቀድሞ ጥበብ ለፍቅሩ ብሎ የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ፊልም በአገራችን አይሠራምና ብዙውን ጊዜ በዘመድ ወይም በወዳጅ ሻንጣ ሆኖ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ይገባል። ከተነሣበት አገር ጀምሮ በየማረፊያው የመንገደኛ ዕቃ በኤክስሬይ ይመረመራል፤ ይህም ብርሃን በዓይን ባይታይም ለፊልም ብርሃን ነው። ብርሃን ፈጥኖ የሚቀበለው፣ ቍጥሩ 800 እና ከዚያ በላይ የሆነው ፊልም በቀድሞው መመርመሪያ እንኳ ይጐዳል፤ በአንዳንድ አገር የገባው አዲሱ መመርመሪያ ግን ዝግተኛውንም ፊልም አንድ ጊዜ ቢያልፍበት ጭጋግ ያለብሰዋል። እንግዲህ ሰውየው ገና መሣሪያውን ሳይከፍት ፊልሙ ተበላሽቶ ሊጠብቀው ይችላል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደርስበት ካሜራውን በቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ስለ ምን እንደተወው ቢጠይቁትም መሣሪያው አስቸገረኝ ይላል።

ይህ ምላሽ እውነት መሆኑን ለመመርመር በዚሁ በአገራችን የሆነ አንድ የቆየ ነገር አለ። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ የሠራበትና የተወበት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ራምቦ በ1854 በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። በብላቴንነቱ የጻፈው ቅኔ በኋላ ዘመን ስሙን በዓለም አስጠራው፤ እሱ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ቅኔን ፈጽሞ ተወ። ብዙ አገር ከዞረ በኋላ በ1880 ዔደን ደረሰ፤ አልፍሬድ ባርዴ ለተባለው የቡና ነጋዴም ሠራተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ሃያ ቀን ተጕዞ ወደ ሐረር ገባ። ሐረር በዚያን ጊዜ ከ1875 ጀምሮ በግብጾች እጅ ነበረች።

ራምቦ ፎቶግራፍን የተመኘው ለጨዋታ አልነበረም። በ1882 መጀመሪያ ለአንድ የቀድሞ ጓደኛው ሲጽፍ፣ ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ አገር መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪሱ የመልክዐ ምድር ማኅበር ለማቅረብ እንዳሰበ ገለጸ። ለዚህም ካርታ ማንሻ መሣሪያዎችን ፈለገ፤ የፎቶግራፍ መሣሪያም ከሊዮን ከተማ አዘዘ። ከዚህ ጋር ደግሞ የነጋዴ አሳብ ነበረው፤ ይህ ጥበብ በሐረር ያልታወቀ ነውና በጥቂት ጊዜ ብዙ ገንዘብ ያስገኝልኛል ብሎ ለቤተ ዘመዶቹ ጻፈ። እናቱ ግን ነገሩን አልወደዱትም። መሣሪያው ከነመድኃኒቱ 1,850 ፍራንክ ያህል የሚፈጅ ሆነ፤ ይህም የአምስት ወር ደመወዙን የሚያህል ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለእናቱ ልኮ ካስቀመጠው ላይ ስለ ነበረ፣ እኒያ ቆጣቢ ባላገር ሴት ልጃቸው እንደ ተታለለ ቈጠሩት፤ እሱም እንዳይቈጡ፣ ይልቁንም አብረውት ደስ እንዲላቸው እየለመነ ጻፈላቸው።

የመጀመሪያው መከራ የመጣው በባሕር ላይ ነው። በዔደን መውረድ የነበረበት ሣጥን አልፎ በህንድ ውቅያኖስ ወዳለችው ወደ ሞሪሺየስ ደሴት ሄደ። የመስታወቱ ሰሌዳና በጠርሙስ የታሸገው መድኃኒት ያን ሁሉ መንገድ በመርከብ ሲንገላታ ሰንብቶ በ1883 መጀመሪያ ወደ ዔደን ተመለሰ፤ ሲከፈትም ሁሉ በደኅና ተገኘ። ከዚያ በኋላ የቀረው ወደ ዘይላ መሻገርና በግመል ጭነት ሐረር መድረስ ነበረ፤ ይህንንም በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ፈጸመው። ትእዛዙ ከተላከ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። ትዕግሥት የሌለው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር።

ሁለተኛው መከራ ግን ከመሣሪያው ሳይሆን ከውኃው ነው። በአማርኛ ፎቶ ማጠብ ይባላል፤ ቃሉም የጥበቡን ዋና ነገር ይናገራል። በዚያን ዘመን ሥዕሉ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ከተነሣ በኋላ፣ ብር በተቀባ ወረቀት ላይ ተጋድሞ በፀሐይ ይታተማል። ብርሃን ያልነካው ብር ሃይፖ በተባለው ጨው ይነቀላል። ነገር ግን ይኸው ጨው ራሱ ከወረቀቱ ፈጽሞ ካልወጣ ውሎ አድሮ ሥዕሉን ይበላዋል፤ ጥቁሩ ቡናማ፣ ቡናማው ቢጫ፣ ቢጫውም ነጭ እየሆነ ይሄዳል። የሚያወጣው ብዙና ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። በሐረር ግን ውኃ ከምንጭ በእንስራ የሚቀዳ፣ ለመጠጥም የሚሰሰት ነበርና፣ ለወረቀት ማጠቢያ እንደ ልብ ማፍሰስ እንዴት ይቻላል?

በግንቦት 6 ቀን 1883 ራምቦ ራሱን ያነሣበትን ፎቶግራፍ ለእናቱና ለእኅቱ ላከ። በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሌላው በቡና ተክል መካከል ነው፤ በሦስተኛው እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል ውስጥ ይታያል። ሥዕሎቹ ባጠበበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደ ነጡ ራሱ አመለከተ፤ ወደ ፊት ግን የተሻለ እሠራለሁ አለ። መልኩን እንዳይረሱትና የአገሩን ገጽታ እንዲያዩ ብቻ እንደ ላከውም ገለጸ። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ከፎቶግራፍ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ሌላ ነገር አለ፤ ሚስት ባለማግባቱ እንደሚጸጸት፣ አንድ ወንድ ልጅ ቢኖረው እንደ አሳቡ አሳድጎና አስተምሮ ታላቅ መሐንዲስ ሊያደርገው እንደሚመኝ ይናገራል። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው እነዚያን የነጡ ወረቀቶች እንደ ማንኛውም የመንገደኛ ሥዕል ሊያያቸው አይችልም። ብቻውን ያለ ሰው መሣሪያውን ወደ ራሱ አዙሮ፣ መኖሩን ለቤተ ዘመዶቹ ያስመሰከረበት ነው።

ልብ ማለት የሚገባው፣ በመከራው መካከል ልቡ አለመድከሙ ነው። ሣጥኑ ጠፍቶ ተገኘ፤ ውኃው ሥራውን አበላሸ፤ እናቱም አልተደሰቱም። ሆኖም በዚያ ሰሞን የጻፈው ሁሉ ተስፋ የሞላበት ነው። በሐረር ሁሉ ሰው መነሣት እንደሚፈልግ፣ ለአንድ ፎቶግራፍ አንድ የእንግሊዝ ወርቅ እስከ መስጠት የሚደርሱ እንዳሉ ጻፈ። በነሐሴ ደግሞ ፎቶግራፉ መልካም እየሄደ ነው አለ። የሥራ ባልደረባው የነበረውን ሶቲሮ የተባለ ግሪካዊ፣ የገበያውን አደባባይና የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን አነሣ። በዚሁ ዓመት በታኅሣሥ ወር ሶቲሮ ካመጣው ወሬ ስለ ኦጋዴን አገር ያዘጋጀው ጽሑፍ በ1884 በመልክዐ ምድር ማኅበሩ ታተመ። መጽሐፉ ሊጻፍ የተቃረበ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከፎቶግራፍ ጋር ዝምድና የለውም። በሱዳን የማህዲ ጦር በመነሣቱ ግብጽ በእንግሊዝ ምክር ሐረርን ለመልቀቅ ቈረጠች። ንግድ ቆመ፤ ባርዴም በሐረር የነበረውን ቤቱን ዘጋ፤ ራምቦም በ1884 በመጋቢት ወር ወደ ዔደን ወረደ። የሚነሣው አገር ከፊቱ ተወሰደ፤ መጽሐፉም ቀረ። በሚያዝያ 1885 ለቤተ ዘመዶቹ ሲጽፍ፣ መሣሪያውን እየተጸጸተ እንደ ሸጠው፣ ነገር ግን በሽያጩ እንዳልከሰረ አስታወቀ። ሞሪሺየስ ደርሶ የተመለሰው መሣሪያ ሳይሰበር፣ ዋጋውንም ሳያጣ፣ ከባለቤቱ እጅ ወጣ።

አንዳንድ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ቅኔን እንደ ተወ ፎቶግራፍንም ተወ፣ ጠባዩ ነው ይላሉ። ይህ ግን ነገሩን እጅግ ማቅለል ነው። ቅኔውን ሲተው አልተጸጸተም፤ ስለ መሣሪያው ግን ጸጸቱን በገዛ እጁ ጽፏል። መሣሪያው ዋጋ የነበረው ከመጽሐፉ ጋር ነው፤ መጽሐፉ ከሐረር ጋር ነው፤ ሐረር ሲዘጋ ሦስቱም አብረው ሄዱ። በዔደን የሚነሣ ነገር ስላልነበረ አይደለም። ሥዕሉን ተቀብሎ የሚጠብቅ ሰውና የሚገባበት ሥራ ስላልነበረ ነው።

ጉዳቱ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ራምቦ በ1887 ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር ገባ፤ ንጉሡ በዚያ ስላልነበሩ ወደ እንጦጦ ወጣ። ሐረር በዚያው ዓመት በጥር ወር ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ ገብታ ነበር፤ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና አንድ ዓመት መሆኗ ነው። በንግዱ ተጐድቶ በግንቦት ወር ከፈረንሳዊው መንገደኛ ከዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐረር ጕዞ ጀመረ። ዛሬ ቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች የተሠሩበት ሜዳ በዚያን ጊዜ ከእንጦጦ በታች የእርሻና የግጦሽ አገር ነበረ። የመንገዱን ማረፊያዎችና ርቀታቸውን በጽሑፍ መዝግቦ ለባርዴ ላከ፤ ይህም በዚያው ዓመት በፓሪስ ታተመ። ያ ጽሑፍ በቃል ብቻ ነው። ዐይኑ የሠለጠነ፣ እጁም ጥበቡን የተማረ ሰው የአዲስ አበባን ሕፃንነት አይቶ አለፈ፤ መሣሪያው ግን አብሮት አልነበረም።

በዚያው ዘመን ከእንጦጦ አጠገብ ሌላ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ነበረ፤ እርሱም ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ራምቦና ኢልግ ኋላ ስለ ንግድ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ኢልግ በ1879 ወደ ሸዋ መጥቶ ከ25 ዓመት በላይ በአገልግሎት ቆየ። ለእርሱም ፎቶግራፍ መተዳደሪያ አልነበረም፤ የምሕንድስናውና የአማካሪነቱ ሥራ ያስተዳድረው ነበር። ስለ መሣሪያ ችግር ከተነሣ ኢልግም በዚያው ተራራ፣ በዚያው ዝናብና በዚያው የበቅሎ ጭነት መካከል ነው የኖረው። ሆኖም ቤቱ በዚህ ነበር፤ የሚነሡት ሰዎች ነገም ያገኛቸው ነበር፤ የሚሠራውን ድልድይና መንገድ የሚያይ ንጉሥም ነበረው። ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውኃን በቧንቧ ያስገባው ይኸው ሰው መሆኑ፣ የራምቦን የነጡ ወረቀቶች ላሰበ ሰው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ያነሣቸው ሥዕሎች ዛሬ በዙሪክ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከእርሱ በኋላ በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ጥበቡን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም አውርሶ፣ ቤተሰቡ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ።

ራምቦ በ1888 ወደ ሐረር ተመልሶ ሦስት ዓመት ነገደ፤ ሌላ የፎቶግራፍ መሣሪያ ግን አላዘዘም። ገንዘብ አጥቶ አይደለም። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በማርሴይ ከተማ እግሩ ተቈርጦ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ በሐረር የራምቦ ቤት የሚባለው ውብ ቤት እርሱ የኖረበት አይደለም፤ ከእርሱ ሞት በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። በውስጡ ግን የጥንት የሐረር ፎቶግራፎች ለጐብኚ ይታያሉ።

ከዚያ አንድ ዓመት ሥራ እስከ ዛሬ የቈዩት ለሌላ ሰው የተላኩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ለእናቱና ለእኅቱ፣ ለባርዴም በደብዳቤ ውስጥ የታጠፉት። እነዚያ ራሱን ያነሣባቸው ሦስቱ በፈረንሳይ አገር ይገኛሉ። የነጭ ልብሱ ዐጥፋትና የሙዙ ቅጠል ይለያሉ፤ እናቱ እንዳይረሱት ብሎ የላከው መልኩ ግን፣ በሐረር ውኃ ታጥቦ፣ በግልጽ አይታይም።