የንግግር ሕክምናን በርቀት ማስተማር፤ ታሪኩና ወሰኑ

ማንኛውም ሙያ የሚወረሰው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከመምህሩ አጠገብ በመቆም ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ግን ከብዙዎቹ ሙያዎች ይልቅ ይህን አጥብቆ ይሻል። ምክንያቱም የሙያው ዋና መሣሪያ የባለሙያው ጆሮ ነው፤ ጆሮም የሚሠለጥነው በመስማትና በመታረም ነው። በሌላ በኩል ግን በኢትዮጵያ የሙያው መምህራን እጅግ ጥቂቶች በመሆናቸው፥ በውጭ አገር ተቀምጦ በትርፍ ሰዓቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በኢንተርኔት የሚያስተምር ባለሙያ ታላቅ ተስፋ ሆኖ ይታያል። ይህ ተስፋ እስከ የት እንደሚያደርስ ለመመዘን፥ ዕውቀት ከሩቅ ወደ አዲስ አበባ፥ በተለይም ወደ የካና ወደ እንጦጦ፥ በምን በምን መንገድ እንደ ገባ መመልከት ይጠቅማል።

በአካል የመጡ መምህራን

ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አከሙ። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ። በእነዚያ ዘመናት ከውጭ የሚገኝ ዕውቀት ሁሉ በባለቤቱ እግር የሚመጣ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መምህሩ ከተማሪው ጋር አንድ አየር እየተነፈሰ ስሕተቱን በቦታው ያርማል። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ ወጪው ከባድ ነው፥ መምህሩም ወደ አገሩ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ይቀራል።

የንግግር ሕክምና ራሱ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መደራጀት የጀመረው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በኤሚል ፍሮሼልስ አነሣሽነት የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር በቪየና ተመሠረተ፤ በ1925 ደግሞ የአሜሪካው ማኅበር በአዮዋ ተቋቋመ። በኢትዮጵያ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የተከፈተው በ2000ዎቹ ዓመታት ነው፤ ይኸውም ከቪየናው ማኅበር ምሥረታ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የመምህር እጥረቱ የማንም ስንፍና ሳይሆን የዚህ መዘግየት ውጤት ነው።

በሳተላይት የመጣ ምስል

በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው የሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ጀመረ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት ለከተማውም ለገጠሩም ተማሪ እኩል እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሆኖም ብዙ መምህራን እንዳመለከቱት፥ በመስታወቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገራል፤ ተማሪው ባይገባውም አይጠብቅም። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ደግሞ ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት ዝቅ አለ። ስሕተቱ ከመሣሪያው አልነበረም፤ በቅርብ ያለውን ሰው ሥራ ከመንጠቁ ላይ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ከሕንድ ጋር በተደረገው ስምምነት የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝተው የንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ትምህርት ከዴልሂ ይቀበሉ ጀመር። በዚያው መሥመር የጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታሎች በሃይደራባድ ካሉ ሐኪሞች ጋር ተያያዙ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። የንግድ አመራር ተማሪ ትምህርቱን ሰምቶ፥ አንብቦ፥ መልስ ጽፎ መላክ ይችላል። በሕክምናው በኩል ግን ሃይደራባድ ያለው ሐኪም ምክር ይሰጣል እንጂ፥ በሽተኛውን የሚዳስሰው ነቀምት ያለው ሐኪም ነው።

በእንጦጦ ተራራ ላይ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የጠፈር ምርምር ማዕከል ሌላ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች የሚያነሡት ምስል ባሕር ማዶ ላለ ፕሮፌሰር ሲላክ ከዋጋው አይጎድልም፤ ኮከቡ ከእንጦጦም ከባሕር ማዶም እኩል ሩቅ ነውና። የሕፃን ጉሮሮ ግን እንዲህ አይደለም።

የ2012 ዓ.ም. ፈተና

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ በኢትዮጵያ ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን በኢንተርኔት እንዲቀጥል ታዘዘ። ሰኔ 23 ቀን በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፥ ያ ትምህርት የተንጠለጠለበት ክር ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ታየ። በአሜሪካም የሙያው ማኅበር በበሽታው ምክንያት የተማሪዎች ክሊኒካዊ ቁጥጥር በርቀት እንዲደረግ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ለሙያ ፈቃድ የሚጠየቀውን 400 የክሊኒክ ሰዓት አልሻረም፤ ከዚህም ውስጥ 375ቱ ተማሪው ራሱ ከሕሙማን ጋር የሚሠራባቸው ናቸው።

በመሥመሩ የማያልፈው

ለምሳሌ የላንቃ ስንጥቅ ኖሮበት በቀዶ ሕክምና የተጠገነ ሕፃን ይወሰድ። ባለሙያው ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ይዞ «ዳቦ» ወይም «ከበሮ» እንዲል ያደርገዋል። መ፣ ነ፣ ኘ በሌሉበት ቃል መስታወቱ እንፋሎት ከለበሰ፥ አየር በአፍንጫ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ይህን መስታወት ከዋሽንግተን ሆኖ የሚይዝ የለም። ድምፁም ቢሆን በመሥመሩ ሙሉ ሆኖ አያልፍም። የቀድሞው ስልክ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጣል፤ የ«ሰ» ጉልበት ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። የኢንተርኔት መሥመር ከዚህ ቢሻልም፥ ሲደክም እንዲህ ያለውን ረቂቅ ድምፅ ያደበዝዘዋል።

ከዚህ የሚበልጠው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የሙያው መማሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱትን ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ፊደል ሰጥቶ አይለይም፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ፥ ወይም «ገና» በዓሉንና ጊዜውን ሲያመለክት የሚኖረውን የትርጉም ልዩነትም አያውቅም። በአንዳንድ የሸዋ አካባቢዎች «ቀ»ን ወደ «አ» አስጠግቶ መናገር የአካባቢ አነጋገር ነው። የላንቃ ጉዳት ያለበት ሕፃን ግን ተመሳሳይ ድምፅ በሕመሙ ምክንያት ሊያወጣ ይችላል። አንደኛው ሕክምና አያሻውም፤ ሁለተኛው ያሻዋል። አማርኛ የማይሰማ መምህር ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ በውጤቱም ጤነኛው ሕፃን ይታከማል፥ ታማሚው ሳይታከም ይቀራል።

ከአገር የሚነሣ ጥረት ግን አልጠፋም። የኒያ ፋውንዴሽንና የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ በ2013 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ፥ የፊደል ገበታችንን ተከትሎ ንግግር የሚያስተምር ዘዴ አበጅተዋል። የእርሳቸው ዕውቀት ከልጃቸው ጋር በአንድ ቤት በመኖር የተገኘ ነበር።

የሥራ ክፍፍል

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ የሚወጣው ፍርድ የርቀት ትምህርትን የሚያጣጥል አይደለም። የነርቭና የጉሮሮ አካላት ጥናት፥ የምርምር ዘዴ፥ የመዋጥ ችግር ሥነ ሕይወት፥ የመመረቂያ ጽሑፍ ምክር በመስኮት ሊያልፉ ይችላሉ። በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ደግሞ ቋንቋውን ስለሚሰማ እጥፍ ዋጋ አለው። ነገር ግን የትርፍ ሰዓት መምህሩ ከሥራው ወጥቶ በዋሽንግተን ማታ ሲቀመጥ በአዲስ አበባ ሌሊት መሆኑ፥ ብዙውን ጊዜም የሚከፈለው ለትምህርቱ ሰዓት ብቻ መሆኑ መረሳት የለበትም። ስለዚህ ለአንድ የርቀት ኮርስ ውል ሲፈረም፥ አብሮ በክሊኒኩ የሚቆም የአገር ውስጥ ተቆጣጣሪ ደመወዝም በዚያው ውል መያዝ አለበት። በየካ ያለው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው፤ የሚንተባተበውን ልጅ ከወላጁ ቀጥሎ የሚሰማው የክፍል መምህሩ ነውና።

ፕላዝማ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሩቅ ያለው መምህር ቅርብ ያለውን ሲያግዝ ትምህርት ይሰፋል፤ ሲተካው ግን የምስክር ወረቀት እንጂ የሚሰማ ጆሮ አይገኝም።