ከጉድለት የተሰጠ ስጦታ

መስጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ባለጸጋ ከትርፉ ሲሰጥ ምስጋና ይገባዋል፤ ድኃ ከጉድለቱ ሲሰጥ ግን ኑሮውን በእግዚአብሔር እጅ ጥሎአል። በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ከባለጸጎቹ ይልቅ የተመሰገነችው ስለዚህ ነው። ለዚህም ነገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ የሚኖረው የአዊ ሕዝብ ታሪክ ይበቃል።

አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ቻራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም ተብለው በሰባት ቤት የሚጠሩት አገዎች ከጥንት ጀምሮ ፈረስ ወዳድ ናቸው። በደጋው አገር ፈረስ ገበያ ያደርሳል፥ ሙሽራ ያጅባል፥ በለቅሶም ቀን አጊጦ ይሰለፋል። ፈረስ ያለው ሰው ክብር ያለው ሰው ነው።

በ1880 ዓ.ም. ግን ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሩን በሬና ላም ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ገበሬው ጥማድ አጥቶ በዶማ ቈፈረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይታወቃል። ይህ በሽታ የሚያመሰኳውን እንስሳ እንጂ ፈረስን አይነካም። ስለዚህ በሬው ላለቀበት ገበሬ፥ ከረኀብ ያተረፈው ፈረስ የቀረው ሀብቱ ነበረ።

ቍስሉ ሳይሽር በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ። በዚያን ዘመን ዘማቹ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ፥ አጋሰሱንም ከደጁ ይዞ ይወጣ ነበር። ጎጃም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ዘመተ። የካቲት 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ በዓድዋ ድል ሆነ፤ ነገር ግን በመንገድ ድካም፥ በመኖ ማጣትና በጥይት የወደቀው እንስሳ ብዙ ነው። ድሉ የአገር ሁሉ ሲሆን የፈረሱ ማጣት የአንድ ቤት ብቻ ነበረ።

በአዋጅ የወጣ ሁሉ በፈቃዱ ሰጠ ማለት ይቻላልን? አይቻልም፤ ባለርስት መዝመት ግዴታው ነበረና። የልብ ስጦታ ከግዴታ የሚለየው ግን ኋላ በሚሆነው ነገር ነው። በግድ የተወሰደበት ሰው ጕዳቱን ያስባል፤ በልቡ የሰጠ ግን ስጦታውን ያከብራል። የአገው ሕዝብ ያደረገው ሁለተኛውን ነው። በ1932 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር ገና አገሩን ይዞ ሳለ፥ በዓድዋና ከዚያም በኋላ ለአገር የወደቁትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው መንግሥት አልነበረም። በዓሉም ጥር 23 ቀን፥ በሰማዕቱ ፈረሰኛ በቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ይከበራል። ዛሬ አባላቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሲሆኑ፥ ማኅበሩ የተጣላን ያስታርቃል፥ ያዘነውንም ያጽናናል። የአባቶች ስጦታ እንዲህ ሆኖ ወደ ጎረቤት ፍቅር ተመለሰ።

ዐፄ ካሌብ ከናግራን ዘመቻ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው እንደ መነኰሱ ቤተ ክርስቲያን ትተርካለች። የንጉሡ ዘውድ ታላቅ ስጦታ ነው። ገበሬው ግን ዘውድ የለውም፤ ያለው አንድ ፈረስ ነው። ልጓሙን ጨብጦ ከደጁ ሲወጣ፥ ይመለስ እንደ ሆነ ወይም አይመለስ እንደ ሆነ አያውቅም፤ ሚስቱም ልጆቹም አያውቁም። እንግዲህ የቀረውን ለአምላኩ ትቶ ይሄዳል። ሰጪ የሚመዘነው በስጦታው ብዛት ሳይሆን ከሰጠ በኋላ በቤቱ በቀረው ነውና፥ በዚህ ሚዛን ንጉሡና ገበሬው እኩል ይቆማሉ።