ባለቤት ሳይሆኑ ስለ ወንዝ መሟገት፦ የሀድሰን ወንዝ ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1962 ኮንሶሊዴትድ ኤዲሰን የተባለው የኒውዮርክ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በሀድሰን ወንዝ ዳር፣ ስቶርም ኪንግ በሚባለው ተራራ ላይ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ለመሥራት ማቀዱን አስታወቀ። ሌሊት የኤሌክትሪክ ተጠቃሚው ሲቀንስ የወንዙን ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ከፍታ ላይ ወደሚገነባ ማጠራቀሚያ ይሰዱታል፤ ቀን ፍላጎት ሲያይል ቁልቁል እየለቀቁ ተርባይን ያዞሩበታል። ውሃውን ወደ ላይ ለመግፋት የሚፈጀው ኃይል ተመልሶ ከሚገኘው ይበልጣል። ለኩባንያው ግን ውዱ የቀን ኃይል በርካሹ የሌሊት ኃይል ስለሚተካ ያዋጣ ነበር። በሒሳቡ ያልተካተተው ወንዙ ራሱ ነው።

የፌዴራሉ የኃይል ኮሚሽን በ1965 ፈቃድ ሰጠ። ሲኒክ ሀድሰን የተባለው የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ስብስብ ይግባኝ ሲል ኮሚሽኑ፣ ከሳሾቹ የደረሰባቸው የገንዘብ ጉዳት ስለሌለ መከራከር አይችሉም ብሎ ተቃወመ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መቃወሚያውን ውድቅ አደረገ። ለተፈጥሮ ውበትና ለአካባቢ ጥበቃ ልዩ ተቆርቋሪነታቸውን በተግባር ያሳዩ ወገኖች በሕግ ፊት ተበዳይ ሊባሉ እንደሚችሉ ወሰነ። ኮሚሽኑም ተከራካሪዎች የሚያቀርቡለትን እየጠበቀ ከመዳኘት አልፎ ሌሎች አማራጮችን ራሱ የመመርመር ግዴታ እንዳለበት ፍርድ ቤቱ አስታወቀ። በእኔ እምነት የክርክሩ ዋና ፍሬ ይህ ነው፤ ከወንዙ ዳር አንድ ክንድ መሬት የሌለው ሰው ስለ ወንዙ የመናገር መብት አገኘ።

መብቱ ብቻውን ግን አልበቃም። ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንደገና አይቶ በ1970 ለሁለተኛ ጊዜ ፈቃድ ሰጠ። አቋሙን ያናጋው የዓሣ እንቁላል ነው። ስትራይፕድ ባስ የተባለው የባሕር ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሀድሰን ይወጣል፤ እንቁላሉና ጫጩቱም ከውሃው ጋር ይንሳፈፋል። ቀደም ሲል የተካሄደ ጥናት ማመንጫው ከእነዚህ የሚፈጀው ጥቂቱን ብቻ እንደሆነ ገምቶ ነበር። ስሌቱ ውሃው በፓምፑ አፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍ አስመስሎ የተሠራ ነው። ሀድሰን ግን ከአትላንቲክ አፍ እስከ ትሮይ ግድብ ድረስ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት የሚገፋውና የሚስበው ወንዝ ነው። አንዱ እንቁላል ከሞት ቢያመልጥ እንኳ ተመልሶ እዚያው አፍ ፊት ይቀርባል። ወንዙን የሚያውቁት የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት ይህን ስሕተት ይዘው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱም በ1974 የዓሣው ጉዳይ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 1980 በተፈረመ ስምምነት ኩባንያው ዕቅዱን ተወ።

የወንዙ ብክለት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከ1947 እስከ 1977 ድረስ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሁለት ፋብሪካዎች፣ በሀድሰን ፎልስና በፎርት ኤድዋርድ፣ ፒሲቢ የተባለውን ኬሚካል ወደ ወንዙ ለቀዋል። ፒሲቢ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ከደለል ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ከደለሉ ወደ ዓሣ ስብ፣ ከዓሣው ወደ ሰው ይተላለፋል። በ1973 በፎርት ኤድዋርድ የነበረው አሮጌ ግድብ ሲፈርስ ከጀርባው የተከማቸው ደለል ወደ ታች ወረደ። ከ2009 እስከ 2015 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ደለል ተቆፍሮ ወጣ። ሆኖም የጤና ባለሥልጣናት ከዚያ ወንዝ የተጠመደ ዓሣ ስለ መብላት የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ አልተነሣም። ያልተሠራውን ማመንጫ ፍርድ ቤት ሊያስቀረው ችሏል፤ የተለቀቀውን መርዝ ግን ምንም ፍርድ ወደ ነበረበት አልመለሰውም።

ከሀድሰን የተገኘው ትምህርት፣ መብትም ማስረጃም ያስፈልጋል የሚለው፣ ለእኛም ይሠራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አሜሪካኖቹ በሙግት ያገኙት በር በአዋጁ ተከፍቷል ማለት ነው፤ እንዲያውም ተቆርቋሪነትን በተግባር ማሳየትን እንኳ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ማጠራቀሚያ የሚወርደው አቃቂ ስለምን ጠበቃ አጣ ብሎ የሚጠይቅ፣ ከአንቀጹ ይልቅ ማስረጃውን ቢፈትሽ ይሻላል። ከየትኛው ቦይ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ክሮምየም እንደወረደ የተመዘገበ ናሙና ከሌለ የ60 ቀኑ ጊዜ ለአቤት ባዩ አይበቃውም። ናሙናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱን በውሃው ዳር ጎመንና ሰላጣ ለሚያመርቱት ገበሬዎች የመስጠት ልማድ ቢያዳብሩ፣ አንቀጽ 11ን ይዞ የሚከራከር ሰው አይጠፋም።