ባንኩ ነበር እንግዳው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1594 ለለንደን ከንቲባ አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። ጸሐፊው የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት እልፍኝ አስከልካይ ሎርድ ሀንስደን ናቸው፤ ጉዳዩ ደግሞ ቲያትር ነው። በእሳቸው ስም የሚተዳደረው የተዋንያን ቡድን የብርዱን ወራት በግሬስቸርች ጎዳና፣ “ክሮስ ኪይስ” በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ እንዲጫወት ይፈቀድለት ዘንድ ይጠይቃሉ። ከንቲባው ምን እንደሚሰጉ ጠንቅቀው ስለሚያውቁም ማለዘቢያ ጨምረዋል። ተዋንያኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረው ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሳሉ። ሕዝብ ለመጥራት ከበሮ አይመቱም፣ መለከትም አይነፉም። ለአጥቢያው ድሆችም የድርሻቸውን ያዋጣሉ።

ከንቲባዎቹ የሚሰጉበት ምክንያት ነበራቸው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1589፣ የዚያን ጊዜው ከንቲባ ቲያትር እንዲቆም ሲያዝዙ የሎርድ ስትሬንጅ ተዋንያን ትእዛዙን ሰምተው በቀጥታ ያመሩት ወደዚሁ ወደ ክሮስ ኪይስ ነበር። ከሰዓት በኋላውንም እንደ ልባቸው ሲጫወቱ ዋሉ። ከንቲባው በንዴት ከመካከላቸው ሁለቱን እስር ቤት አስገቡ። የሎርድ ሀንስደን ቡድን ግን ሌላ ነው፤ በ1594 የገና ሰሞን በቤተ መንግሥት ላሳየው ትርኢት ገንዘብ ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ዊሊያም ሼክስፒር መሆኑን የክፍያ መዝገቡ ይመሰክራል።

ዛሬ በዚህ ጎዳና ቁጥር 9 ላይ “ዘ ክሮስ ኪይስ” የሚባል መጠጥ ቤት አለ። ስሙ ከድሮው የእንግዳ ማረፊያ የተወሰደ ነው፤ ሕንፃው የባንክ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ በመላው ብሪታንያ 800 ያህል መጠጥ ቤቶች ያሉት ዌዘርስፑን የተባለ ኩባንያ ነው። እንግሊዞች አሳጥረው “ስፑንስ” ይሉታል፤ አንዳንዱ በፍቅር፣ አንዳንዱ በንቀት። ሙዚቃም አይከፍትም። ይህ የሎርድ ሀንስደን ቃል ውርስ አይደለም፣ የኩባንያው የራሱ ደንብ ነው። ቢሆንም ለእልፍኝ አስከልካዩ ደስ ሳይላቸው የሚቀር አይመስለኝም።

ዓርብ ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ የገባ ሰው ግን ሙዚቃ አለመኖሩን ልብ ለማለት ጊዜ ይወስድበታል። አካባቢው የለንደን የገንዘብ ሰፈር ነው፤ የኢንሹራንሱም የባንኩም ሠራተኛ ክራባቱን እያላላ ወደዚህ ይጎርፋል። የመቶዎች ወሬ ከእምነ በረድ ዓምድ ወደ እምነ በረድ ዓምድ፣ ከዚያም ወደ ሩቁ ጣሪያ እየነጠረ ይመለሳል። በአዳራሹ መካከል ትልቅ ባንኮኒ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ሰው ተደርድሯል፤ ሰልፍ ግን የለም። እንግሊዝ ለአውቶቡስ የሚሰለፈውን ያህል ለቢራ አይሰለፍም። ማን ቀድሞ እንደመጣ የሚያውቀው አሳላፊው ነው፤ ቆመው የሚጠብቁትም ያውቃሉ፤ ተራ የሚሰርቅ ሰው በዓይን ይገረፋል።

ከእኛ አገር ለሄደ ሰው የሚከብደው ሂሳቡ ነው። እዚህ ጠጥተህ አትከፍልም፣ ከፍለህ ትጠጣለህ። አብረው የመጡ ሰዎችም በዙር ይጋብዛሉ፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ብርጭቆው ሲያልቅ ቀጣዩ ይነሣል። አዲስ አበባ ውስጥ መጨረሻ ላይ በአስተናጋጁ ፊት “በሞቴ! እኔ ነኝ የምከፍለው” እየተባለ የሚደረገው ትግል እዚያ በየብርጭቆው ተከፋፍሎ፣ ያለ ድምፅ ያልቃል። ተራውን ዘልሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ለዓመታት ይታወሳል ይባላል፤ አምናለሁ።

መነሣት የማይፈልግም አለ። በስልኩ መተግበሪያ የጠረጴዛውን ቁጥር አስገብቶ ያዛል፣ ይከፍላል፣ አስተናጋጅ ያመጣለታል። ኩባንያው ይህን የጀመረው በ2017 ነው። ወዲያውም ሕዝቡ ለቀልድ አዋለው። አዛዡ እዚያው መገኘት ስለማይጠበቅበት፣ ሌላ ከተማ ያለ ወዳጅ የጠረጴዛህን ቁጥር ካወቀ የተቀቀለ አተር በሳህን በሳህን ሊያዘንብብህ ይችላል።

የድርጅቱ መሥራች ቲም ማርቲን ሕግ የተማረ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነው። በ1979 በሰሜን ለንደን፣ መስዌል ሂል፣ ቀድሞ የፈረስ እሽቅድምድም መወራረጃ የነበረች ጠባብ ቤት ገዝቶ ጀመረ። የስሙ ነገር ራሱ ጨዋታ ነው። በኩባንያው ሙሉ ስም መጀመሪያ ላይ ያሉት “ጄ ዲ” የሚሉት ፊደላት የተወሰዱት “ዘ ዱክስ ኦፍ ሃዛርድ” ከተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ገጸ ባሕርይ ነው። ዌዘርስፑን ደግሞ ማርቲን በልጅነቱ ኒውዚላንድ ሳለ ያስተምረው የነበረና ክፍሉን ዝም ማሰኘት ያቃተው መምህር ስም ነው። ማርቲንም የመጀመሪያዋን መጠጥ ቤቱን ሥርዓት ማስያዝ ስላቃተው መምህሩ ትዝ አለው።

ይህ ሰው ባንክና ሲኒማ ቤት ወደ መጠጥ ቤት የለወጠው ለቅርስ ተቆርቁሮ አልነበረም። በዚያን ዘመን አብዛኛው የእንግሊዝ መጠጥ ቤት በትልልቅ ቢራ ጠማቂዎች እጅ ነበር፤ የጠማቂው ቤት የጠማቂውን ቢራ ይሸጣል፣ አለቀ። አዲስ ገቢ ጥሩ መጠጥ ቤት ልግዛ ቢል ሻጭ አያገኝም። ስለዚህ ማርቲን ማንም መጠጥ ቤት ብሎ ያላሰበውን ቤት ፈለገ፤ ሱቅ፣ የመኪና ማሳያ፣ የተገኘውን ሁሉ። በ1989 መንግሥት የጠማቂዎቹን ሞኖፖል የሚያላላ ደንብ አወጣ፤ ከ2,000 በላይ መጠጥ ቤት ያላቸው ጠማቂዎች ከዚያ ቁጥር ከሚበልጡት ቤቶች ግማሹን የራሳቸውን ቢራ ብቻ ከመሸጥ ግዴታ ነጻ እንዲያወጡ ተገደዱ። ገበያው ተናወጠ። በ1992 ዌዘርስፑን አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በተገኘውም ገንዘብ መስፋፋቱን ተያያዘው።

በዚያው ሰሞን የገንዘቡ ዓለም ቤት እየቀየረ ነበር። ከ1986ቱ የለንደን የገንዘብ ገበያ ለውጥ በኋላ ባንኮች የፈለጉት እምነ በረድ ሳይሆን ኮምፒዩተር የሚደረደርበት ሰፊ ወለል ነው። ብዙዎቹም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ካናሪ ዎርፍ ፎቆች ወረዱ። ጥለዋቸው የሄዱት አዳራሾች በቅርስነት የተመዘገቡ በመሆናቸው አይፈርሱም፤ በጣም ሰፊ በመሆናቸው ደግሞ ለሱቅ አይመቹም፤ ለቢሮም ጣሪያቸው ከመጠን በላይ ሩቅ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሊሞላ የሚችለው በዝቅተኛ ትርፍ ለብዙ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ብቻ ነበር።

እንዲህ ነው ግላስጎው ውስጥ በጆርጅ አደባባይ የነበረው ባንክ “ዘ ካውንቲንግ ሃውስ”፣ ኤድንብራ ውስጥ በጆርጅ ጎዳና የነበረው ደግሞ “ዘ ስታንዲንግ ኦርደር” ሆኖ የቀረው፤ በኋለኛው ቤት አሮጌው ካዝና ዛሬም አለ። ብሪስቶል ያለው “ዘ ኮሜርሻል ሩምስ” የነጋዴዎች ክበብ ነበር። ከጣሪያው የንፋስ አመልካች ጋር የተያያዘ ሰሌዳ አሁንም ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ነጋዴው ንፋሱ መርከቡን ወደ ወደብ ያስገባ እንደሆነ የሚያውቀው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እሱን ቀና ብሎ አይቶ ነበር። ተንብሪጅ ዌልስ ውስጥ ሙሉ ኦፔራ ቤት አለ፤ ራምስጌት ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ በ2017 በመጠጥ ቤትነት የተከፈተው ግዙፍ አዳራሽ።

የግሬስቸርቹ ቤት የተሠራው ለሆንግኮንግና ሻንግሃይ ባንክ፣ ዛሬ ኤችኤስቢሲ ለምንለው ነው። በ1865 ሆንግኮንግ ላይ የተቋቋመው ባንክ የለንደን ቢሮውን ወደዚህ ያዛወረው በ1913 ነበር። ዓምዶቹን ሲያዩ ዓላማው ወዲያው ይገባል፤ የሩቅ ምሥራቅ ንግድ የሚመራበት ቤት ነውና ደንበኛው ገና ሲገባ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ነው። ተራ ሰው እዚያ ምን ጉዳይ ነበረው? የለንደን ወዛደር በዚህ በር የሚገባው ወለል ሊወለውል ካልሆነ በቀር አልነበረም።

ብዙ ሰው እዚህ ቤት ገብቶ የሚያዝነው ለዚህ ነው፤ “እንዲህ ያለ ቤት የርካሽ ቢራ መሸጫ ይሁን?” ይላል። እኔ ግን የጎዳናውን ዕድሜ ሳስበው የሚገርመኝ በተቃራኒው ነው። እዚህ ሮማውያን ገበያና ሸንጎ ነበራቸው። ከዚያ የእህልና የሣር ገበያ ቆመ። ከዚያ መንገደኛና ተዋናይ የሚያድርባቸው ማረፊያዎች ተደረደሩ፤ በ1666 ታላቁ ቃጠሎ ሁሉን በላ፤ እንደገና ተሠሩና ባቡር እስኪመጣ ድረስ የመንገደኛ ሠረገላዎች ይነሡባቸው ነበር። በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ የተቀመጠው ባንኩ ብቻ ነው። በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ እንግዳው እሱ ነበር።

ይህን ስል ኩባንያውን ማሞገሴ አይደለም። ጠንከር ያለው ትችት ከትንንሾቹ መጠጥ ቤቶች ይመጣል። ቤተሰብ የሚያስተዳድራት የማዕዘን ቤት ቢራ በብዛት ገዝቶ ዋጋ ከሚሰብር ኩባንያ ጋር መፎካከር አይሆንላትም። በ2016 ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ደግሞ ማርቲን ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ባይ ነበርና መልእክቱን በቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኖች ላይ እያሳተመ በየጠረጴዛው በተነ። እስከ ዛሬ በዚያ ተቀይመው ደጁን የማይረግጡ አሉ። በ2024 የ“ሰር” ማዕረግ ሲያገኝም የወዳጁና የጠላቱ ጫጫታ እኩል ነበር።

ሌላው ወቀሳ ሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ነው የሚለው ነው። ምግቡን በተመለከተ በአብዛኛው እውነት ነው። ምንጣፉ ግን በየቤቱ የተለየ ንድፍ አለው፤ ስለ ምንጣፎቹ ብቻ በ2016 መጽሐፍ ታትሟል። ግድግዳውም የአካባቢውን ታሪክ በሥዕልና በጽሑፍ ይዟል፤ ቢራውን ሊጠጣ የገባ ሰው ሳያስበው የሰፈሩን ታሪክ አንብቦ ይወጣል።

የሙዚቃው ነገር ደግሞ ከጆርጅ ኦርዌል ጋር ይያያዛል። ደራሲው በፌብሩዋሪ 1946 በጋዜጣ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ልቡ የሚመኘውን መጠጥ ቤት ገልጾ ነበር፤ ሬዲዮም ፒያኖም የሌለበት፣ ሰው እንደ ልቡ የሚያወራበት። ስሙንም “ዘ ሙን አንደር ዎተር” አለው፤ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ቤት የለም ሲል አመነ። ዌዘርስፑን ያንን ስም ለብዙ ቅርንጫፎቹ ሰጥቷል። ጸጥታውን ከኦርዌል ወስዷል፤ ዋናውን ነገር ግን መውሰድ አልቻለም። በኦርዌል ቤት አሳላፊዎቹ የደንበኛውን ስም ያውቃሉ። እዚህ የሚታወቀው የጠረጴዛው ቁጥር ነው።

ጧት ቢገቡ ደግሞ ሌላ ቤት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ እንዳይሰክር ተብሎ በወጣው ገደብ የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጉ ነበር፤ ገደቡ እስከ 1988 ዘለቀ። ዛሬ ዌዘርስፑን ከማለዳው ጀምሮ ቁርስና ቡና ይሸጣል። ጡረተኛው ጋዜጣውን ዘርግቶ አንድ ስኒ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚያስነሣው የለም። ለእኔ ይህ ከዓርብ ማታው ጫጫታ ይበልጣል። ለቦታውም ባዕድ አይደለም፤ ከዚህ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ሴንት ማይክልስ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው በ1652 ፓስኳ ሮዜ የተባለ ሰው የለንደንን የመጀመሪያ ቡና ቤት የከፈተው። የእኛ ተክል በየመን ወደብና በቱርክ ነጋዴ እጅ አልፎ ለዚያ ከተማ ሰው የተቀዳው እዚያ ነው። አሁን በስፍራው ያለው የወይን ጠጅ ቤት ነው።

ከድሮው ክሮስ ኪይስ ከተረፈው ወሬ ሁሉ የምወድለት ግን የፈረሱን ነው። ባንክስ የሚባል ሰው ብልኅ ፈረሱን በዚያ እያሳየ ገንዘብ ይለቅም ነበር። የዘመኑ ዝነኛ ቀልደኛ ሪቻርድ ታርልተን አጠገቡ ባለው “ዘ ቤል” ማረፊያ ይጫወት ስለነበር ሊያይ መጣ። ባንክስም ለሕዝቡ ደስታ ሲል ፈረሱን “ከዚህ ሁሉ ሰው ዋናውን ቂል አምጣልኝ” አለው። ፈረሱ ታርልተንን በአፉ ይዞ ጎትቶ አቀረበው። ታርልተን ተራውን ጠበቀና ባንክስ ፈረሱን ከጉባኤው ዋናውን ሴት አውል እንዲያመጣ እንዲያዝዘው ጠየቀ፤ ፈረሱም ጌታውን ባንክስን ይዞ መጣ። ታሪኩ የሚገኘው ታርልተን በ1588 ከሞተ በኋላ በስሙ በታተመ የቀልድ መጽሐፍ ነውና እውነትነቱ በመጽሐፉ አንገት። አተር በሳህን የሚልከው የዛሬው ወዳጅ ግን የማን ዘር እንደሆነ ይታወቃል።

ጎዳናው ገና ተቆፍሮ አላለቀም። በፌብሩዋሪ 2025 የለንደን አርኪዮሎጂስቶች በቁጥር 85 ካለ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ሥር የሮማውያኑን የመጀመሪያ የከተማ ሸንጎ አዳራሽ ግድግዳ ማግኘታቸውን አስታወቁ። የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ78 እስከ 84 ባሉት ዓመታት፣ ንግሥት ቡዲካ ከተማዋን ካቃጠለች ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሹማምንቱ ዳኝነት የሚሰጡት፣ ነጋዴውም የሚከራከረው በዚያ ነበር። ቦታው ላይ አዲስ ፎቅ ሊሠራ ታስቧል፤ በዕቅዱ መሠረት ፍርስራሹ ከሥር ሳይነካ ይቀመጥና ሕዝብ ገብቶ ያየዋል።