የሽማግሌዎች ፍቺና የልጆች የዘር ጥያቄ

በጎንደር አገር ይኖሩ በነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ጋብቻ የሁለት ቤተ ዘመድ ውል ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ እርቁ ካልሆነ ግን በነዚሁ ሽማግሌዎች ፊት ንብረት ተካፍሎ ጋብቻው ይፈርሳል። ልጁ ግን የሁለቱም ወገን ልጅ ሆኖ ይቀራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት ክልክል ስለ ነበር፣ ወላጆቹ የተፋቱ ልጅም ቢሆን የአባቱንና የእናቱን ዘር መቁጠር ነበረበት።

በአገር ቤት በዚህ መልክ ያልቅ የነበረው ፍቺ በእስራኤል የልጆችን ዘር የሚነካ ጥያቄ አስነሣ። በሃላካ መሠረት ያገባች ሴት «ጌት» የተባለውን የፍቺ ጽሑፍ ሳትቀበል ከሌላ ወንድ ብትወልድ ልጁ «ማምዜር» ይባላል፤ ከእስራኤል ማኅበርም ማግባት ይከለከላል። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪትን ጠብቀው የኖሩት የታልሙድ ሥርዓት ሳይደርሳቸው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የነበሩት ራቢ ዳዊድ ኢብን ዚምራ፣ እነዚህ ሰዎች ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲጽፉ ይህንኑ የፍቺ ጥርጣሬ አብረው አንስተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ የቤተ እስራኤልን አይሁድነት አጸኑ። ሆኖም ራባኑት ለማግባት የሚመጡትን በሚቅዌ ተነከሩ ይል ነበር፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ በአገር ቤት የተፈጸመው ፍቺ ነው። በ1985 ወገኖቻችን ይህን በመቃወም በኢየሩሳሌም በራባኑት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። በኋላም የነታንያው ራቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለዚህ ሥርዓት ማጋባታቸው ለብዙዎች መውጫ ሆነ። ዋናው ራባኑት የራቢ ኦቫዲያን ውሳኔ መቀበሉ በይፋ የታወቀው ግን በ2020 ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት በእስራኤል የአይሁድ ፍቺ የሚጸናው በራቢዎች ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተለያዩ ባልና ሚስት ጌቱን ለነገ ሊሉት አይገባም፤ መዘግየቱ ወደፊት ለሚወለድ ልጅ ዕዳ ይሆናል። ሁለተኛም፣ የተለያዩ ወላጆች ቂማቸውን ለብቻቸው ይያዙ እንጂ የሌላውን ወገን የዘር ሐረግ ከልጃቸው አይሰውሩ። አባቶቻችን ቤት ሲፈርስ እንኳ ለልጁ ያቆዩለት ይህን ቆጠራ ነውና፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጻፈው።