ሞተሩ ያልተነካ

የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ የማንበብ ሱስ አለብኝ። መኪና የመግዛት ሐሳቡም ገንዘቡም የለኝም፤ የሚስበኝ ቋንቋው ነው። ከሁሉም የምወደው ሠላሳ ዓመት ባለፈው ላንድክሩዘር ፎቶ ሥር የሚጻፈውን ነው፦ «ሞተሩ ያልተነካ»።

ያልተነካ ማለት ሞተሩ አልወረደም፣ ቴስታታው አልተከፈተም፣ ፋሻና ብሮንዚን አልተቀየረም፣ ፋብሪካው ያጠበቀው ቡሎን እንደጠበቀ ነው ማለት ነው። ሌላ አገር ያለ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ነው። እኛ ጋ ቆጣሪውን የሚያምን ሰው ስለሌለ የምንጠይቀው ማን እንደነካው ነው። ሻጭ ኮፋኖውን ከፍቶ ያሳያል፤ ገዢው ደግሞ ይዞት የመጣው መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ በባትሪ እያበራ አንድ ነገር ይፈልጋል። የሚፈልገው ላብ ነው። ዘይት የት ጋ አላበው? የት ጋ ያንጠባጥባል? አዲስ የታጠበ ሞተርማ የበለጠ ያስጠረጥራል።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር በምዕራብ በኩል፣ ቦረና የምንለው አገር። (የደቡቡ ቦረና አይደለም፤ አዲስ አበባ ይህን ስናገር ሁሌ ማብራራት አለብኝ።) ወደ እኛ የሚመጣ መኪና ከደሴ ወጥቶ የጉጉፍቱን ብርድ፣ የለጋምቦንና የአቀስታን ደጋ አልፎ ነው። ከመካነ ሰላም ወዲያ ደግሞ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርድና ጎጃም ጉንደወይን ላይ ብቅ ይላል። ከ3000 ሜትር በላይ ካለ ውርጭ ተነስቶ በዚያው ቀን ሞቃት ሸለቆ ውስጥ መግባት፣ ከዚያ እንደገና መውጣት። ጃፓን የተቀመጠ መሐንዲስ ሞተር ለማሰቃየት ቦታ ምረጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ለነገሩ በዚህ ደጋ ጎማና ዳገት ሲታገሉ የቆዩት ከሞተር በፊት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በኩል ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ከኛ በስተሰሜን ባለው ገደል ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ፣ በሰው ጉልበት፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጣ፤ መንገዱም የተሠራው እየተጎተተ ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን እየነዳም እያስጎተተም አዲስ አበባ አድርሶ ለአፄ ምኒልክ አሳየ። ወሎ ግን ከጎማ ጋር በደንብ የተዋወቀው በጣሊያን ዘመን ነው። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ደሴ ሲገቡ በሺህ የሚቆጠር ካሚዮን ከኋላቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ፤ በአምስት ዓመታቸውም ተባረሩ። ወደ እኛ ወደ ምዕራቡ የሚያመጣውን መንገድ አልሠሩልንም። የተዉልን ቃላት ነው።

ደሴ አንድ ጋራዥ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ክሪክ። መካኒኩ ጣሊያንኛ አንድ ዐረፍተ ነገር አይችልም፤ ቃላቱን ግን ከጌታው፣ ጌታውም ከጌታው ወርሷቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቃል ፓራኦሊዮ ነው። በጣሊያንኛ «ዘይት ከልካይ» እንደማለት ነው፤ የሚሽከረከር ብረት ከሞተር ወይም ከካምቢዮ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ የምትቀመጥ የጎማ ቀለበት ናት። ጓርኒሲዮን የማይንቀሳቀሱ ሁለት ብረቶችን ያዋድዳል፤ ፓራኦሊዮ ግን የሚዞረውን ነው የሚጠብቀው። የትልልቅ መኪኖች የመንጠባጠብ ታሪክ ባብዛኛው የነዚህ የሁለቱ ታሪክ ነው።

ከጣሊያን በኋላ ላንድሮቨር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተዋወቀው ይህ መኪና በኛም አገር የፖሊሱ፣ የወባ መከላከያው፣ የመንገድ ሥራው መኪና ሆነ። ስለ ላንድሮቨር በዓለም ዙሪያ የሚነገር ቀልድ አለ፦ ካላንጠባጠበ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። ቀልዱ እውነት አለው። የፊት ጎማ የሚታጠፍበት ክብ ብረት ሲዝግ ፓራኦሊዮውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቢሆንም ላንድሮቨር አንድ ትልቅ ጠባይ ነበረው፤ ማንም ሊፈታው ይችል ነበር። ደርግ ሲመጣ ዋዙ ከሶቪየት መጣ፤ እሱም በመዶሻ የሚገባው ዓይነት ነው። ስለ ዋዝ ብዙ የምለው የለኝም።

ከዚያ 1977 መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ። የዚያን ጊዜ ኮረም ወሎ ውስጥ ነበረች። የእርዳታ ድርጅቶች ጎረፉ፤ ይዘውት የመጡት ነጭ፣ አንቴናው የረዘመ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነበር። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984፣ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ 70 የሚባለውን አዲሱን ላንድክሩዘር ለገበያ አቀረበ፤ ዛሬም ገጠር የምናየውን ሃርድቶፕና ፒካፕ ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ የቀኑ መግጠም ብቻ ነው። እኔ ግን ነጭ ላንድክሩዘር ባየሁ ቁጥር አብረው ይመጡብኛል። በኛ አገር የዚህ መኪና ዝና የተወለደው በፋብሪካ ማስታወቂያ አይደለም፤ እህል በቀረበት ቦታ ሐኪም ይዞ በመድረሱ ነው። ታላላቆቻችን «ቶዮታ አይከዳም» ሲሉ ስለ ብረት ብቻ እያወሩ አይደለም።

በጥር 1982 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዋናው ባለታሪክ ብቅ አለ፦ 1ኤችዜድ ሞተር። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ናፍታ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ጉልበቱ ለመጠኑ ያሳፍራል፤ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው። የዕድሜው ምሥጢርም እዚያ ላይ ነው። ትልቅ ሞተር ትንሽ ሥራ ሲሰጠው ብረቱ አይጨነቅም፤ በዝግታ ይዞራል፤ ፋሻው በዝግታ ያልቃል። መጥፎ ናፍታ ቢጠጣ ያጨሳል እንጂ አይቆምም። ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ከተቀየረ ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሳይወርድ መሄዱ ለዚህ ሞተር ብርቅ አይደለም።

ግን ያንጠባጥባል። መቼ ማንጠባጠብ እንደሚጀምር ጠየቅሁት፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገኘሁትን አንድ ሽማግሌ መካኒክ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጠንካራ ከሆነ ለምን ያንጠባጥባል?»

«አይ ልጄ፣ ብረቱ ነው እንጂ ጠንካራው፤ ጎማው መቼ ጠንካራ ሆነ?»

ነገሩ ይኸው ነው። ብረቱ ሠላሳ ዓመት ሲቆይ ፓራኦሊዮው በሙቀትና በብርድ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ጠርዙ ይበላል። የክራንኩ የኋላ ፓራኦሊዮ ሲያፈስ ዘይቱ በሞተርና በካምቢዮ መጋጠሚያ ሥር ይንጠባጠባል፤ ፍሪሲዮኑን ከነካው ዳገት ላይ መንሸራተት ይጀምራል። የፊት ሴሚያስ ፓራኦሊዮ ሲሄድ የዲፍረንሻሉ ዘይት ከግራሱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጥቁር ሾርባ በጎማው ላይ ይወርዳል። አንዳንዱ ማፍሰስ ደግሞ መሬት ላይ አይታይም፦ የካምቢዮው ዘይት በመሃል ያለችውን ፓራኦሊዮ አልፎ ወደ ትራንስፈሩ ይገባል። ካምቢዮው ይደርቃል፣ ትራንስፈሩ ይሞላል፣ ከሥሩ አንድ ጠብታ የለም። ደረቅ ነው ብሎ የተመካ ባለቤት ማርሹ ሲጮህ ይነቃል።

ከሁሉም የሚገድለው ግን የፊቱ ነው። የ1ኤችዜድ ካምሻፍትና ናፍታ ፖምፓ የሚዞሩት ጥርስ ባላት የጎማ ቺንጊያ ነው። ፋብሪካው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሯት ይላል፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። የፊት ፓራኦሊዮ አፍስሶ ዘይት ካጠጣት ግን መብራቱን አትጠብቅም። ከተበጠሰች ቫልቮላና ፒስተን ይላተማሉ። ትንሽ ጎማ ነበረች፤ አሁን ሞተር ይወርዳል። መብራቱን የሚያጠፉበት ዘዴ አለ፤ ቺንጊያውን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ያጠፉ መኪኖች ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቅ።

ስለ ዘይት ይህን ያህል ካልኩ ስለ ውሃ ልናገር፤ ለኛ ደጋ የባሰው እሱ ነው። የውሃ ፖምፓ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አላት። ስህተት አይደለችም፤ መሐንዲሱ ሆን ብሎ ነው የተዋት። የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ይንጠባጠብና «ቀይሩኝ» ይላል። ይህችን ቀዳዳ በማጣበቂያ የደፈነ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው የራዲያተር ክዳን ነው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ማለት ይቻላል፤ ማንም አያየውም። ሥራው ግን ማሸግ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ባለ ሞላ ውሃውን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፣ ወደ 0.9 ባር። ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ክዳኑ ቢበላሽ ውሃው 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሞተሩ ባብዛኛው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ስለሚሠራ ትንሽ ፋታ አለ። መካነ ሰላም ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ 3500 ሜትር ሲጠጋ 89 ገደማ። ክዳኑ ያረጀ መኪና እዚያ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲወጣ ውሃው በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ይፈላል፤ መለኪያው ገና መሃል ላይ እያለ። እንፋሎቱ ውሃውን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ቴስታታው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እናቶቻችን በደጋ ባቄላ ቶሎ አይበስልም የሚሉትና የቴስታታ መሰንጠቅ አንድ ፊዚክስ ናቸው።

ይህ የመኪና ወሬ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለ። በ2004 እና 2005 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያድል ብዙዎቹ ላንድክሩዘር ነበሩ። አማራ ሳይንት አጅባር፣ ወግዲ፣ ከላላ፤ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ መንገድ ዳር ትደርስና ከዚያ አምቡላንስ ነው። መካነ ሰላም ሆስፒታል ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ቀጣዩ ደሴ ነው፤ ያ ሁሉ ደጋ በሌሊት። አንድ የአምቡላንስ ሹፌር ሁሌ ሁለት ጄሪካን ውሃ እንደሚጭን ነግሮኛል። «ለእናቲቱ አይደለም፣ ለመኪናው ነው» አለኝ። አዲስ ክዳን ከጠየቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው ስጠይቀው በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። ለዕቃ ግዥ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ጨረታ ይወጣል፤ አምቡላንሱ ግን እየሠራ ስለሆነ እንደተበላሸ አይቆጠርም። የጥንካሬው ጦስ ይኼ ነው፦ የማይቆም መኪና ማንም አይጠግነውም።

ስለ ቪኤይቱም አንድ ነገር ልበል፣ ስሙ ከሞተርነት አልፎ የባለሥልጣን ስም ሆኗልና። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው 4.5 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ናፍታ ለኛ ዳገት የተሠራ ይመስላል፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር ስለሚጨምቅ ጉጉፍቱን ሳያለከልክ ይወጣል፣ 1ኤችዜዱ ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ። እውነቱ ይነገር። ነገር ግን ናፍታውን የሚረጨው ከ1500 ባር በሚበልጥ ግፊት፣ በጣም በቀጠነ ቀዳዳ ነው። ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት በርሜል ናፍታ ኢንጀክተሩን ይጨርሰዋል። የአየር ፊልትሮው ቤት በደንብ ካልገጠመ የጠጠር መንገድ አቧራ ቱርቦውንም ፋሻውንም ይልጋቸዋል። ሲበላሽ ደግሞ ኮምፒውተር ይፈልጋል። የወረዳ ከተማ መካኒክ ጆሮና ቁልፍ እንጂ ኮምፒውተር የለውም። ስለዚህ ቪኤይት የከተማ ሰው ሆኖ ቀረ፤ ገጠሩን ያ አሮጌው ያዘው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ አገደ። ከዚያ ወዲህ «ሞተሩ ያልተነካ» የምትለዋ ሐረግ ዋጋዋ የጨመረ ይመስለኛል፤ አዲስ ስለማይገባ ያለው ይጠበቃል። ጋራዦች ሥራ አልቀነሰባቸውም። ሽማግሌው መካኒክ ጓርኒሲዮን ከጠፋ ከወፍራም ወረቀት ላይ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ቅርጹን ያወጣና በመቀስ ይቆርጣል። ኦሪጅናል ፓራኦሊዮ ሲያገኝ ግን አይሸጠውም፤ የሚያምነው ደንበኛ እስኪመጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። አስመሳዩ ስድስት ወር አይቆይም ይላል።

ኤሌክትሪክ መኪና ስላልሠራው ሥራው ይጠፋበት እንደሆነ ጠየቅሁት። በመልሱ ፈንታ እሱ ጠየቀኝ፦ ማቀዝቀዣ ውሃ አለው? አለው፣ ለባትሪውም ለሞተሩም። ማርሽ አለው? አንድ አለው፣ ዘይት ውስጥ የሚዞር። ዘንጉ ከዚያ ዘይት በምን ይወጣል?

«በፓራኦሊዮ» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገና ተመልሶ ከላንድክሩዘሩ ሥር ገባ።