ጉግስ ግልቢያ ብቻ አልነበረም

ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ጃን ሜዳ ዛሬ ስሙ የሚነሳው በጥምቀት ነው። ቀድሞ ግን የጉግስ ሜዳም ነበር።

አንዱ ወገን በፈረስ ይሸሻል፤ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ከባዱ ሥራ የሸሺው ነው፦ ወደ ኋላ እያየ ወደ ፊት መጋለብ። ቀድሞ ከዞረ ፍጥነት ያጣል፤ ከዘገየ ዘንጉ ጀርባው ላይ ያርፋል።

በጦርና በጋሻ ዘመን ይህ የፈረሰኛ ትምህርት ቤት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ግን አብዛኛው ዘማች ጠመንጃ ይዟል፤ ጥይት ደግሞ በቆዳ ጋሻ አይመከትም። ጉግስ የበዓል ትርኢት ሆኖ ቀረ።

አሁን ፈረስ በጋለበ ቁጥር «ጉግስ» ይባላል፤ ወርዋሪም መካችም ሳይኖር! እንጅባራ ላይ ግን የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ሲሰበሰቡ ጨዋታው ዛሬም ይታያል።